ያውቁ ኖሯል? የልዕለ ጀግኖችን ዓለም የገለበጠችው የ50 ሳንቲም ኮሚክ!

ያውቁ ኖሯል? ሞቶ ተቀብሯል የተባለን የልዕለ ጀግኖች ቡድን ከመቃብር ያስነሳች አንዲት መጽሔት አለች! ስሟ «ጃያንት-ሳይዝ ኤክስ-ሜን ቁጥር 1» ነው። ማርቭል ያሳተማት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ነው፤ በእኛ 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው! ከዚህ በታች ያሉትም ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያኑ የተቆጠሩ ናቸው። በሉ እንግዲህ፣ ጉድ ለማለት ይዘጋጁ!

ኤክስ-ሜን መጀመሪያ ብቅ ያሉት በ1963 ነበር። ፈጣሪዎቻቸው ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ ናቸው። ልዩ ኃይል ይዘው የተወለዱ «ሚውታንት» የሚባሉ ወጣቶች ነበሩ። ቁጥራቸው አምስት ብቻ! አምስቱም ነጮች፣ አምስቱም አሜሪካውያን!

ገበያው ግን ፊቱን አዞረባቸው! በ1970 ከቁጥር 66 በኋላ አዲስ ታሪክ መጻፍ ቆመ። ከቁጥር 67 እስከ ቁጥር 93 ድረስ የወጡት እትሞች በሙሉ የድሮ ታሪኮች ድጋሚ ኅትመት ናቸው። 27 እትም ሙሉ የከረመ ታሪክ! አንባቢ አንድ ጊዜ የገዛውን ታሪክ ሁለተኛ ጊዜ ይገዛ ነበር!

ትንሣኤው የመጣው ከጥበብ ብቻ እንዳይመስልዎት! ከንግድ ስሌትም ጭምር ነው። የማርቭል አለቆች መጽሔታቸው በውጭ አገር እንዲሸጥላቸው ፈለጉ። ስለዚህ «ከተለያየ አገር የተውጣጡ ጀግኖች ይኑሩን» ተባለ። ታዲያ ከተመረጡት አገሮች አንዷ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ማርቭል ገበያ ያልነበረባት ሶቪየት ኅብረት!

ያን ጊዜ ተራ ኮሚክ 25 ሳንቲም ነበር። ይህች ግን እጥፉን፣ 50 የአሜሪካ ሳንቲም ተጠየቀባት! ሽፋኗን ጨምሮ 68 ገጽ ነበራት። ዛሬ ንጹሕ ቅጂ የሚፈልግ ሰብሳቢ ስንት እንደሚከፍል ያውቃሉ? በሺዎች የሚቆጠር ዶላር!

ከ68ቱ ገጾች ውስጥ አዲሱ ታሪክ 36 ገጽ ብቻ ነው! ከቀረው ላይ ከድሮዎቹ ጀግኖች የሳይክሎፕስን፣ የአይስማንንና የማርቭል ገርልን ኃይል የሚያስረዱ አሮጌ አጫጭር ታሪኮች ገቡበት። ታሪክ የቀየረው ሥራ መጽሔቷን በአሮጌ ታሪክ መሙላት ግድ ሆኖበት ነበር!

ሽፋኗን ልብ ብለው አይተዋታል? ከበስተኋላ የድሮዎቹ ጀግኖች ሥዕል አለ። አዲሶቹ ያንን ሥዕል ቀድደው፣ ወረቀቱን በጣጥሰው ወደ አንባቢው ዘልለው ይወጣሉ! የተቀደዱት አሮጌ ጀግኖች ደግሞ ደንግጠው ያዩዋቸዋል! ይህ ሽፋን እስከ ዛሬ በስንት ሰዓሊ እንደተኮረጀ ቆጥሮ የጨረሰ የለም!

አንዲት መጽሔት፣ ሁለት ርእስ! ሽፋኑ ላይ የተጻፈው «ገዳይ ዘፍጥረት» የሚል ነው። ገልጠው ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ታሪኩ «ዳግም ዘፍጥረት» ይባላል!

ያ የሽፋን ርእስ ባክኖ የቀረ እንዳይመስልዎት! በ2006 ጸሐፊው ኤድ ብሩቤከር «ገዳይ ዘፍጥረት» በሚል ስም ሌላ ታሪክ ጻፈበት። በዚህም ታሪክ አንድ ጉድ ወጣ፦ በአሮጌውና በአዲሱ ቡድን መካከል የተደበቀ ሌላ ቡድን ነበር! ለ31 ዓመት ማንም አንባቢ ያልጠረጠረው!

ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካ አይደለም! የመጀመሪያው ገጽ የሚከፈተው በአንዲት የጀርመን መንደር በሌሊት ነው። ችቦ የያዘ ሕዝብ አንድ ሰማያዊ ፍጡር ያሳድዳል። ጭራ አለው! በእያንዳንዱ እጁ ሦስት ጣት ብቻ አለው! ጀግናው ማን ነው ብለው ቢጠይቁ የሚታደነው ራሱ ነው! ስሙም ናይትክሮለር!

ናይትክሮለር የተወለደው ባሕር ላይ በተነሣ ማዕበል ምክንያት ነው ቢባሉ ያምናሉ? የዚህች መጽሔት ሰዓሊ ዴቭ ኮክረም ቀደም ሲል የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደር ሆኖ በጓም ደሴት ይኖር ነበር። አንድ ሌሊት ከባድ ማዕበል ቤት ዘጋበት። እሱም ጊዜውን ለመግፋት ይህን ፍጡር ፈጠረ!

ይባስ ብሎ ናይትክሮለር መጀመሪያ የቀረበው ለማርቭል አልነበረም! ኮክረም ለተቀናቃኙ ለዲሲ ኩባንያ ይሠራ በነበረበት ጊዜ አሳያቸው። «መልኩ በጣም ያስቃል» ተብሎ ተመለሰበት! ዲሲ የጣለውን ማርቭል አንሥቶ አነገሠው!

አይሪሹ ባንሺ ደግሞ ጩኸቱ ግድግዳ ያፈርሳል! የኤክስ-ሜን መሥራች ፕሮፌሰር ኤክስ አዲስ ቡድን ሲሰበስቡ እሱን ፍለጋ ወደ አየርላንድ ሄዱ እንዳይሉ! ያገኙት በቴነሲ፣ ናሽቪል ከተማ፣ ዝነኛው የካንትሪ ሙዚቃ አዳራሽ ውስጥ ነው! በጩኸቱ ግድግዳ የሚያፈርስ ሰው ሙዚቃ ሊሰማ ተቀምጦ!

ከዚያ ፕሮፌሰሩ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ ይሻገራሉ! በድርቅ የተጨነቀ ሕዝብ አንዲትን ሴት ዝናብ ይለምናል። እሷም እጇን ትዘረጋለች፤ ሰማይ ይከፈታል! ይህች ኦሮሮ ናት፤ የጀግንነት ስሟ ስቶርም! በአሜሪካ ኮሚክ ከቀደምቶቹ ጥቁር ሴት ልዕለ ጀግኖች አንዷ!

ስቶርም መጀመሪያ ዝናብ አዝናቢ አልነበረችም! በኮክረም የመጀመሪያ ንድፍ ወደ ድመት የምትለወጥ ጀግና ነበረች። ግን በዚያው ሰሞን ሌሎች የድመት ጀግኖች ገበያውን ሞሉት! ሰዓሊውም ከሌላ ንድፉ የአየር ሁኔታን የማዘዝ ኃይል ወስዶ ሰጣት። የድመት ዓይኗ ግን አልተነካም! አሮጌ ሥዕሎቿን ቢያዩ ብሌኗ የድመት ነው!

ነጭ ፀጉሯስ? ብዙ አከራክሯል! «አያት ትመስላለች» ብለው የፈሩ ነበሩ። ሰዓሊው «እመኑኝ» አለ። አመኑት! ዛሬ ያ ነጭ ፀጉር ገና ከሩቅ ይለያል!

ከዚያ ደግሞ ወደ ሳይቤሪያ! ቀዝቃዛው ጦርነት ገና ባላበቃበት ዘመን የአሜሪካ ኮሚክ አንድ የሶቪየት ገበሬ ልጅ ጀግና አደረገ! ፒዮትር ራስፑቲን ከባይካል ሐይቅ አጠገብ ባለ የኅብረት እርሻ ይሠራል። ሲፈልግ መላ አካሉ ብረት ይሆናል! ኮሎሰስ ይሉታል!

ኮሎሰስን ስንተዋወቀው የሚዋጋው ከጭራቅ ጋር አይደለም! ከትራክተር ጋር ነው! ትራክተሩ አምልጦ ወደ ታናሽ እህቱ ይገሰግሳል። እሱ መካከል ገብቶ በብረት ገላው ይቀበለዋል። ትራክተሩ ብትንትኑ ይወጣል! ያቺ ትንሽ እህት ደግሞ ከዓመታት በኋላ ማጂክ የምትባል ኃይለኛ ጀግና ሆነች!

በአሪዞና ያለው የአፓቼ ተወላጅ ተንደርበርድም አለ! ፕሮፌሰሩ ያገኙት ከአንድ ጎሽ ጋር ሲታገል ነው! በእግሩ ሮጦ ይደርስበታል፣ ቀንዱን ይዞ ይጥለዋል! ያለ ፈረስ፣ ያለ ገመድ፣ ያለ መሣሪያ!

ከሁሉም የታወቀው ግን ካናዳዊው ዎልቨሪን ነው! ለካናዳ መንግሥት ይሠራ ነበር። ሥራ መልቀቁን ለአለቃው ሲነግር አለቃው አልለቅህም ይለዋል። ይሄኔ ጥፍሮቹ ብልጭ ይላሉ! የተቆረጠው ምን እንደሆነ ያውቃሉ? የአለቃው ከረቫት! አንገቱ ላይ አንዲት ጭረት የለችም!

ዎልቨሪን በዚህች መጽሔት አልተወለደም! መጀመሪያ የታየው በ1974 በ«ሀልክ» ቁጥር 180 ነው። ያውም በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ! የዚያ አንድ ገጽ የእጅ ሥዕል በ2014 በጨረታ ስንት ወጣ? 657,250 ዶላር! ለአንድ ወረቀት!

የዎልቨሪን ዝነኛ ጭምብል የስሕተት ውጤት ነው! የሽፋኑ ሰዓሊ ጊል ኬን የጭምብሉን ትንንሽ ጆሮዎች ረስቶ ትልልቅና ሹል አድርጎ ሳላቸው። ኮክረም ተቆጣ? በፍጹም! በጣም ወደደው! የውስጥ ገጾቹን ሁሉ ከስሕተቱ ጋር እንዲስማሙ አስተካከላቸው!

ስሕተቱ በዚያ አላበቃም! በኤክስ-ሜን ቁጥር 98 ዎልቨሪን ጭምብሉን ሲያወልቅ ፀጉሩ እንደ ጭምብሉ በሁለት በኩል ሾሎ ታየ። በ2000 ሂው ጃክማን በፊልም ሲተውነው ያንኑ ፀጉር አበጠረ! አንድ ሰዓሊ እጁ ቢስት የሆሊውድን ፀጉር ቀየረ!

ጥፍሮቹም ቢሆኑ የሌላ ጉድ ባለቤት ናቸው! የመጽሔቷ ጸሐፊና ከዎልቨሪን ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ሌን ዊን ጥፍሮቹ ከጓንቱ ጋር የተሠሩ ናቸው ብሎ ያስብ ነበር። ጓንቱን ያወለቀ ጥፍር የለውም ማለት ነው! ቆይቶ የመጣው ደራሲና ሰዓሊው ኮክረም ግን ከሥጋው ውስጥ አወጡለት። አንባቢ ክው አለ!

የዎልቨሪን ቁመት በኮሚኩ 1 ሜትር ከ60 ብቻ ነው! አጭርና ድፍን ያለ ሰው! የተወነው ሂው ጃክማን ግን ወደ 1 ሜትር ከ90 ይጠጋል! ከግማሽ ክንድ በላይ የሆነ ልዩነት!

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው ለምንድን ነው? አሮጌዎቹ ኤክስ-ሜን በአንዲት ደሴት ጠፍተው ነው! አንድ ኃይለኛ ሚውታንት ፍለጋ ሄደው አልተመለሱም። የተመለሰው ሳይክሎፕስ ብቻ ነው። እሱም እንዴት እንዳመለጠ አያውቅም!

አዲሶቹ ከሳይክሎፕስ ጋር ሁለት ሁለት ሆነው በአራት አቅጣጫ ወደ ደሴቲቱ ይገባሉ። የማይዋጋቸው ነገር የለም! ሐረጉ ያንቃል! ድንጋዩ ይናዳል! እንስሳቱ ያጠቃሉ! ጠላቱን ግን የትም አጡት!

አሁን ይያዙኝ! ጠላቱ ደሴቲቱ ውስጥ የተደበቀ ሰው አልነበረም። ደሴቲቱ ራሷ ናት! አፈሩ፣ ዛፉ፣ ድንጋዩ፣ ሁሉም የአንድ ሕያው ፍጡር አካል! ስሙ ክራኮዋ! የሚፈልጉትን ሚውታንት ሲረግጡት ኖረዋል!

ደሴት እንዴት ነፍስ ይዘራል? በአቶሚክ ቦምብ! በአካባቢው ከተደረገ የኑክሌር ሙከራ የወጣው ጨረር ሣርና እንስሳቱን ሁሉ አንድ አእምሮ አደረጋቸው። ምግቡም የሚውታንቶች ኃይል ነው!

ሳይክሎፕስ ታዲያ እንዴት አመለጠ? አላመለጠም! ክራኮዋ ሆን ብሎ ለቀቀው! ሄዶ ሌሎች ሚውታንቶችን ይዞ እንዲመጣለት! ዓሣ አጥማጅ መንጠቆ ላይ እንደሚሰካው ማጥመጃ፣ ሳይክሎፕስም ወገኖቹን አሰባስቦ ወደ ወጥመዱ ይዟቸው ገባ!

ደሴትን በቡጢ ማሸነፍ ይቻላል? አይቻልም! ስቶርም መብረቋን ጠርታ ከአሮጌዎቹ አንዷን፣ ፖላሪስ የተባለችውን የማግኔት ኃይል ባለቤት ሞላቻት። ፖላሪስም ደሴቲቱን ከምድር ስበት አላቀቀቻት። ክራኮዋ ተነቅሎ ወደ ሕዋ ተወረወረ! አንድ ሙሉ ደሴት፣ ወደ ከዋክብት!

ይህን ዕብደት ያፈለቀው ማን ይመስልዎታል? ጸሐፊው ሌን ዊን አይደለም! በማርቭል ቢሮ ይሠራ የነበረ ክሪስ ክሌርሞንት የሚባል ወጣት ነው! በፖላሪስ የማግኔት ኃይል የመጠቀሙ ሐሳብ የእሱ ነበር። ስሙን ይያዙልኝ፤ ገና ይመጣል!

ታሪኩ የሚያልቀው በድል ጭፈራ አይደለም! በጥያቄ ነው! ከመጀመሪያዎቹ በኋላ የተቀላቀሉትን ጨምሮ ስድስት አሮጌዎች ዳኑ፣ ሰባት አዲሶች መጡ። አሁን 13 ሰው አንድ ላይ ምን ሊሠራ ነው? መጽሔቷ ጥያቄውን አንሥታ መልሱን ሳትሰጥ ትዘጋለች!

ሰማያዊው ቢስት ከ13ቱ መካከል የለም! የት ሄደ? አቬንጀርስ የተባለውን ሌላ ቡድን ተቀላቅሎ ነበር! ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዱ ሆኖ ሳለ ታላቁ ቀን አመለጠው!

ተከታዩ ታሪክም በዚሁ ግዙፍ መጠን ሊወጣ ታስቦ ነበር! ዕቅዱ ተለወጠና ታሪኩ ለሁለት ተከፈለ። ቁጥር 94 እና ቁጥር 95 ሆኖ በተራው መጽሔት ወጣ። ድጋሚ ኅትመት ብቻ የነበረችው መጽሔት ከአምስት ዓመት በኋላ ትኩስ ታሪክ አገኘች!

ለ13ቱ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ደግሞ ፈጣን ነበር! ቁጥር 94 ላይ ከአሮጌዎቹ ሳይክሎፕስ ብቻ ቀረ። ከአዲሶቹ አንዱ የነበረው ጃፓናዊው ሰንፋየርም ጥሎ ሄደ! ቁጥር 95 ላይ ተንደርበርድ ሞተ! ጎሽ የጣለው ብርቱ ሰው ገና በወጉ ሳይታይ ቀረ! ቆይቶ ግን ከሞት ተነሥቶ በ2022 በስሙ የተሰየመ ጃያንት-ሳይዝ እትም ወጣለት!

ያ የቢሮ ወጣት ክሌርሞንትስ? ሌን ዊን ሥራ ስለበዛበት ብዕሩን ለእሱ አስረከበ። ዕድሜው ገና 24 ነበር! ከዚያ ብዕሩን ስንት ዓመት ሳያስቀምጥ ያዘ? 16 ዓመት! እስከ 1991 ድረስ!

ዎልቨሪን ከቡድኑ ሊባረር ደርሶ እንደነበር ያውቃሉ? ኮክረም የሚወደው ናይትክሮለርን ነበር። በ1977 ሥዕሉን የተረከበው ጆን በርን ግን በካናዳ ያደገ ሰው ነው። «የአገሬ ልጅማ አይወጣም!» በሚል ስሜት ጠበቀው። የካናዳ ፍቅር ዎልቨሪንን አዳነው!

ስቶርምም ቢሆን እንዲህ በቀላሉ የምትታይ አይደለችም! በቁጥር 201 ላይ ለቡድኑ መሪነት ከሳይክሎፕስ ጋር ተፋለመች። ያን ጊዜ ኃይሏን በሙሉ አጥታ ነበር! መብረቅ የላትም! ንፋስ የላትም! ግን አሸነፈችው! መሪነቱም የእሷ ሆነ!

ስቶርም በ2006 የምናባዊቷን የአፍሪካ አገር የዋካንዳን ንጉሥ ጥቁሩን ፓንተር አግብታ ንግሥትም ሆና ነበር! ከኬንያ ሜዳ ወደ ዋካንዳ ዙፋን!

ገበያ ያጣችው መጽሔት የት ደረሰች ይበሉ! በ1991 በክሌርሞንትና በሰዓሊው ጂም ሊ የተሠራው አዲሱ «ኤክስ-ሜን ቁጥር 1» ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ወጣ! በዓለም ታሪክ ከአንድ ኮሚክ እትም ከፍተኛው ሽያጭ ተብሎ በጊነስ መዝገብ ሰፈረ!

ሌን ዊን ይህችን መጽሔት ሲጽፍ 26 ዓመቱ ነበር! ከዚያ በፊት ረግረግ ውስጥ የሚኖረውን ስዋምፕ ቲንግ ከሰዓሊው በርኒ ራይትሰን ጋር ፈጥሮ ነበር። በኋላም «ዎችመን» የተባለው ዝነኛ ኮሚክ አርታኢ ሆነ! በ2014 በወጣው የኤክስ-ሜን ፊልም ላይም ከክሌርሞንት ጋር የምክር ቤት አባል ሆነው ብቅ ይላሉ! ፈጣሪዎች ፍጡሮቻቸውን ሲጎበኙ!

ኮክረም በ2006 አረፈ። ሲሞት ምን ለብሶ እንደነበር ያውቃሉ? የሱፐርማን ፒጃማ! የተሸፈነበት ብርድ ልብስ ደግሞ የባትማን! ልቡ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ከጀግኖቹ አልተለየም!

ለሁለቱ ፈጣሪዎች ክብር ደግሞ በ2020 ማርቭል ያቺኑ ታሪክ ዳግም አሳተማት። ግን እያንዳንዱን ገጽ የተለያየ ሰዓሊ ሳለው! አንድ ታሪክ፣ በየገጹ ሌላ እጅ!

የመጨረሻው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው! ወደ ሕዋ የተወረወረችው ክራኮዋ ተመለሰች። በ2019 ጸሐፊው ጆናታን ሂክማን ጠላት የነበረችውን ደሴት የሚውታንቶች አገር አደረጋት! ትጠብቃቸዋለች! ትመግባቸዋለች! የተናቁና የተሳደዱ ሁሉ ወደ እሷ ገቡ! የራሷ ቋንቋም ተፈጠረላት! ፊደሏም በገጾቹ ላይ ታትሞ ወጣ፤ አንባቢዎቿም ፊደሉን ፈትተው ማንበብ ለመዱ!